የማሚቱ ወንበር

ማሚቱ የሻው ቁጭ ብላ ያያት ሰው ካለ ይንገረኝ። እኔ ዲሳሳ፣ ባምባሲ መናኸሪያ በር ላይ ጎማ እየለጠፍኩ የኖርኩ ጎሚስታ፣ ጠዋት ጠዋት ሳያት ዓመታት አልፈዋል፤ ከአንድ ቀን በቀር ግን ቁጭ ስትል አላየሁም። ቅጥቅጡ አውቶቡስ ውስጥ ትገባለች፣ ወዲያው ትወርዳለች። የመኪናውን ጎማ በእግሯ መታ መታ ታደርጋለች። "ዲሳሳ፣ ስንት ሰው ቀረ?" ትለኛለች፣ እኔ የመናኸሪያው ሠራተኛ ይመስል። መልሴን ሳትሰማ ደግሞ ገበያው ውስጥ ገብታ "አሶሳ! የአሶሳ ሰው የለም?" እያለች ተሳፋሪ ስትለቅም እሰማታለሁ። ለዚህ የሚከፍላት የለም። መኪናው እንዲሞላላት ብቻ ነው።

እኔም ብሆን የተረጋጋሁ ሰው አይደለሁም። ጎማ እስኪነፋ መጠበቅ እንኳ ደሜን ያፈላዋል። ስለዚህ ማሚቱን ሳያት ሌላው ሰው እንደሚስቅባት አልስቅባትም፤ አንጀቴን ትበላኛለች።

እንጀራዋ አሶሳ ነው። እዚያ አንድ ሆቴል ውስጥ ቁርስ ትሠራለች። ሆቴሉ ወደ ህዳሴው ግድብ የሚሄዱ ባለሙያዎችና ሾፌሮች የሚያድሩበት ነው፤ እስከ ጉባ ያለው መንገድ ስለሚጠብቃቸው በጠዋት በልተው መውጣት ይፈልጋሉ። የማሚቱ ጨጨብሳ ካልደረሰላቸው ሳይበሉ ይወጣሉ፣ ሳይበሉ የወጡ እንግዶች ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ሌላ ቦታ ያድራሉ። ማሚቱ ደግሞ ታረፍዳለች። ስለተኛች አይደለም፤ ወፍ ሳይንጫጫ መናኸሪያ ናት። የምታረፍደው መኪና የሚወጣው ሲሞላ ስለሆነ ነው።

የኛ መናኸሪያ የራሱ ሕግ ነበረው። በጠዋት የመጣ ሰው ወንበር ላይ ዕቃውን ያስቀምጥና ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ኮፍያ ሊሆን ይችላል፣ ነጠላ ሊሆን ይችላል፣ አንድ እግር ጫማ ያስቀመጠም አውቃለሁ። ያ ዕቃ ሰውየው ማለት ነው። ማንም አያነሳውም፣ ማንም አይቀመጥበትም። ባለቤቱ ሻይ ጠጥቶ፣ ገበያ ዞሮ፣ የታመመ ዘመድ ጠይቆ፣ ክላክስ ሲሰማ ይመጣል። ቅጥቅጡን በመስኮት ስታየው የሞላ ይመስልሃል፤ ስትገባ ያሉት ከረጢትና ዣንጥላ ናቸው። ማሚቱ እየዞረች የምታሳድደው የእነዚህን ዕቃዎች ባለቤቶች ነው።

የሆቴሉ ባለቤት ሳሌም ወጣት ናት፣ ክፉም አይደለችም። ብዙ ታገሠች። በመጨረሻ ግን ማሚቱን ጠርታ፣ "ከሆቴሉ ጀርባ ክፍል አለ። አባትሽን ይዘሽ ነይና እዚሁ ኑሪ። ካልሆነ ግን እዚሁ የምታድር ሰው መቅጠሬ ነው" አለቻት።

ጥሩ ነገር ነው የሚመስለው። ችግሩ ጋሽ የሻው ናቸው።

የማሚቱ አባት በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ሰው ናቸው። ያኔ ጎረምሳ ነበሩ። "ሲጭኑን እንመልሳችኋለን ብለውን ነበር" ይላሉ፣ ወሬው በተነሳ ቁጥር። "ዝናቡ ሲመለስ እናንተም ትመለሳላችሁ አሉን። እናቴ ደጃፍ ላይ እንደቆመች ተለየኋት። ዝናቡስ ተመለሰ። እኔን የመለሰኝ የለም እቴ።" ከዚያች መኪና ከወረዱ ወዲህ መኪና ላይ ወጥተው አያውቁም። ሚስት ያገቡት በእግራቸው ሄደው ነው፣ ሚስታቸውንም በእግራቸው ተከትለው ነው የቀበሩት። ጓሯቸው ያሉት ማንጎዎች እሳቸው የተከሏቸው ናቸው፤ አሁን ሰው ወጥቶ የማይደርስበት ቁመት አላቸው። ጉልበታቸው ከደከመ ወዲህ ውሃ የምትቀዳላቸው፣ እሳት የምታነድላቸው ማሚቱ ብቻ ናት።

ሳሌም ያለችውን ስትነግራቸው ብዙም አላሰቡበትም። "እኔ አንድ ጊዜ ተጭኛለሁ፣ ይበቃኛል። አንቺ ሂጂ" አሏት።

እሷ ደግሞ ጥላቸው አትሄድም። ስለዚህ የማሚቱ ኑሮ በሙሉ በአንድ ነገር ላይ ተንጠለጠለ፦ ከባምባሲ አሶሳ በሰዓቱ የሚደርስ መኪና።

እኛ አገር ባቡር ይመጣል ሲባል የሰማሁት ጢሜ ሳይበቅል ነው። አሁን ጢሜ ሸብቷል። ባቡሩ ባይመጣም አንድ የትራንስፖርት ማኅበር ሁለት አዳዲስ አውቶቡሶች ገዝቶ ባምባሲና አሶሳን በጠዋትና በማታ ሊያገናኝ ነው ሲባል፣ ይሄም ያው ወሬ ነው ብዬ ነበር። መጡ። መስታወታቸው የሚያበራ፣ ወንበራቸው ላስቲኩ ያልተላጠ። ሾፌሩ ገረሱ የኛው ልጅ ነው፤ ትናንት ቅጥቅጥ ይነዳ የነበረ፣ ዛሬ ሰማያዊ ዩኒፎርም ለብሶ አንገቱን ቀና አድርጎ መጣ። በምረቃው ቀን ንግግር አድርግ ሲሉት፣ "ይሄ እንደ ባቡር ነው" አለ። "ሰዓቱ ሲደርስ ይሄዳል። ሞላም አልሞላም።" አጨበጨብንለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ "ባቡሩ" ሆነ። የተናገረውን ግን ያመነው አንድም ሰው አልነበረም።

ማሚቱ ብቻ አመነችው። ያን ቀን ወደ ገረሱ ቀርባ፣ "ቃል ግባልኝ" ስትለው እዚያው ነበርኩ። "ለማንም እንዳትቆም። ባለሥልጣን ቢመጣ፣ ዘመድህ ቢመጣ፣ እኔ ራሴ ብቀር እንዳትቆም። አንዴ ከቆምክ አለቀልን።" ገረሱ ሳቀና እጁን ሰጣት።

በማግስቱ ጠዋት ሰዉ እንደ ልማዱ መጣ፣ ዕቃውን ወንበር ላይ አስቀመጠና ተበተነ። ሰዓቱ ደረሰ። ገረሱ በሩን ዘግቶ ወጣ።

እንዲህ ያለ ጉድ አይቼ አላውቅም። አውቶቡሱ ጢም ብሎ በከረጢት፣ በኮፍያ፣ በጃኬትና እግሮቿ በታሰሩ አንዲት ዶሮ ተሞልቶ ዓይናችን እያየ አሶሳ ሄደ። ሰው የምትባል ማሚቱ ብቻ ነበረች። ከሻይ ቤቱ ብርጭቆ እንደያዘ የሮጠ አለ። ዘወትር ከኛ ጋር የሚሳፈር አንድ የበርታ ነጋዴ መሀል አስፋልት ላይ ቆሞ፣ "ወላሂ ዣንጥላ የኔ ሄደች! እኔ ቀረ!" እያለ ይጮሃል። እኔ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ተው፣ አትሳቅ አሉኝ፤ አልቻልኩም።

ማታ ገረሱ ዕቃውን ሁሉ እንዳለ ይዞ ተመለሰ። እዚያው በየወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ዶሮዋ እንኳ አልጎደለችም። ማሚቱ ይህን ለአባቷ እየሳቀች ብትነግራቸው አልሳቁም አለችኝ። ቆይተው፣ "ማታ መለሰው?" ብለው ጠየቋት።

"ሁሉንም መለሰው አባዬ።"

"ዕቃ መመለስማ ምን ይቸግራል" ብለው ወደ ማንጎዎቻቸው ሄዱ።

ሰው ሲቀጣ ይማራል። ጥቂት ቀን ተጮኸ፣ ተሰደበ፣ ከዚያ ሁሉም በሰዓቱ መጥቶ መቀመጥ ጀመረ። እንዲያውም ተሳፋሪው በዛና ወንበር ጠፋ። ቆሞ መሄድ አይፈቀድም። ገረሱም አዲስ ሕግ አወጣ፦ ሰው የሌለበት ዕቃ ቦታ አይዝም፤ ሰዓቱ ሲቃረብ ወንበሩ በር ላይ ለቆመው ይሰጣል። ማሚቱ በዚያ ሰሞን የተለየች ሰው ሆነች። አሶሳ በሰዓቱ ትደርሳለች፣ ሳሌም ትስቅላታለች። እግሯ ግን ያው አላረፈም። ደስ ሲላት ደግሞ አፏ ይቀድማታል፤ አንድ ቀን ለሳሌም፣ "የባምባሲ ትኩስ ወተት በየቀኑ አመጣልሻለሁ" ብላ ቃል ገባች። ማን ጠየቃት? ማንም። ወተቷን የምትወስደው ከመናኸሪያው ጀርባ ከምትኖረው ከኦብሴ ነው። ኦብሴ የወለጋ ሴት ናት፣ ዕድሜዋ የገፋ፣ ላሟም እንደሷ ቀስ ብላ የምትሰጥ።

ከዚያ የሆነውን ስነግራችሁ አሁንም ያናድደኛል። ማሚቱ፣ ያቺ ባቡሩ ለማንም አይቁም ያለች ማሚቱ፣ አንድ ጠዋት ዘንቢሏን ወንበሯ ላይ አስቀምጣ ወተት ልታመጣ ሄደች። የዓመታት ልማድ ነው፣ እጇ ነው ያስቀመጠው። ሰዓቱ ደረሰ። ያን ቀን ዝናብ ስለነበረ በር ላይ የቆመ ሰው አልነበረም፤ ዘንቢሉን የነካው የለም። አውቶቡሱ ሲወጣ ማሚቱ ጀሪካኗን ይዛ ከኦብሴ ቤት ብቅ አለች። ሮጠች። ወተቱ እየተደፋ እስከ ከተማው መውጫ ድረስ ሮጠች። ገረሱ በመስታወት አይቷታል። ማታ ነገረኝ፤ "እግሬ ፍሬኑ ላይ ነበር ዲሳሳ። ግን ቃል አስገብታኛለች" አለኝ። ልሰድበው አፌን ከፍቼ ተውኩት።

ቅጥቅጥ ሞልቶ እስኪያደርሳት እንግዶቹ ሄደዋል። ሳሌም አልጮኸችባትም። "ይሄ የመጨረሻው ነው። ከዚህ በኋላ አንድ ጠዋት ብትቀሪ ወይ ክፍሉ ውስጥ ትገቢያለሽ፣ ወይ የኩሽናውን ቁልፍ ትመልሺልኛለሽ" አለቻት። ወተቱን ልተወው ስትላት ደግሞ፣ "እንግዶቹ ወደውታል፣ ምን ብዬ ላስቀረው?" አለች።

በማግስቱ ሱቄን ስከፍት ጋሽ የሻው መናኸሪያው በር ላይ ዱላቸውን ተመርኩዘው ቆመዋል። እኔ ሰው የሞተ መሰለኝ። አውቶቡሱን ዙሪያውን ዞሩ። ከፊት አዩት፣ ከኋላ አዩት።

"ገረሱ፣ ይሄ ሰዓቱ ሳይደርስ አይንቀሳቀስም አይደል?"

"ፈጽሞ አይንቀሳቀስም አባባ።"

"ሞተሩ ጠፍቷል?"

"ጠፍቷል አባባ።"

ወጡ። ብረቱን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ አንድ ደረጃ፣ ከዚያ ሌላ ደረጃ፣ የማሚቱ ወንበር ላይ ሄደው ተቀመጡ። ዘንቢሏን ጭናቸው ላይ አደረጉ። ሻይ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ወጥቶ አያቸው። ማሚቱ ወተቷን ይዛ ስትመጣ ደንግጣ፣ "አባዬ! ምን እየሆንክ ነው?" አለች።

"ቦታ ይዤልሽ ነው" አሏት። "ዕቃ አይዝም ብለዋላ።" ተነሱላትና ቀስ ብለው ወረዱ። ግንባራቸው በላብ ርሷል።

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ መጡ። ማሚቱ ኦብሴ ጋ ስትሮጥ እሳቸው ወንበሯ ላይ ይቀመጣሉ፣ ዓይናቸውን ከሞተሩ ቁልፍ ላይ አይነቅሉም፤ ስትመጣ ይወርዳሉ። ፊታቸው ሲገረጣ አያለሁ። አንድ ቀን ይወድቃሉ ብዬ እኔ ነበርኩ የምሰጋው። ይቅርብዎት ብላቸው፣ "አንተ ጎማህን ልጠፍ" አሉኝ።

ክረምቱ በገባ ሰሞን ነው። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ መሬቱ ጭቃ ሆኗል። ሰዓቱ ደረሰ፣ ማሚቱ የለችም። እኔ የአውቶቡሱን የኋላ ጎማ ንፋስ አይቼ በሩ ጋ ቆሜያለሁ። ከጀርባዬ ወንበር የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። ወደ ኦብሴ ቤት የሚወስደውን መንገድ አያለሁ፣ ማንም የለም።

ገረሱ ሞተሩን አስነሳ። ጋሽ የሻው ዘለው ይነሳሉ ብዬ ጠበቅሁ።

"አባባ የሻው፣ ሰዓት ደረሰ። ይውረዱ" አለ ገረሱ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"አልመጣችም?"

"አልመጣችም።"

እኔን አዩኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ዘንቢሉን ደረታቸው ላይ አስጠጉት።

"ይመልሳል?" አሉ።

"ምኑ አባባ?"

"ይሄ መኪና። ማታ ይመልሳል ወይ?"

"ይመልሳል እንጂ። ዕቃውን ሁሉ መልሼ የለም እንዴ?"

ጋሽ የሻው ክፍቱን በር አዩ። "እንግዲያው ዝጋው" አሉ።

አውቶቡሱ ሲዞር በመስኮት አየኋቸው፤ ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

ማሚቱ የመጣችው አውቶቡሱ ከራቀ በኋላ ነው። እስከ ጉልበቷ ጭቃ ናት። ኦብሴ በረት ውስጥ አዳልጧት ወድቃ እጇ ተሰብሯል፤ ማሚቱ ጎረቤት ጠርታ፣ አንስታ፣ ቤት አስገብታ፣ እጇን በጨርቅ አስራ ነው የመጣችው። ኦብሴ "ሂጂ፣ ሥራሽ! ማል ጎዳ፣ ምን ላርግሽ" እያለች ታለቅስ ነበር አለችኝ። ወተትም አልያዘችም።

"አባዬስ?" አለች።

ነገርኳት።

ያኔ ነው ማሚቱ ቁጭ ያለችው። ደጄ ላይ ባለው አሮጌ ጎማ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። "አባዬን ጫኑት?" አለችኝ። ድምፁ የሷ አይመስልም ነበር። አልጫኗቸውም፣ ራሳቸው ናቸው ብላት አልሰማችኝም። እኔም ከዚያ በላይ መቆም አቃተኝ። ቅጥቅጡ ግማሹን ሞልቶ ተገትሯል፣ ረዳቱ "ሰው ልሙላ" ይላል። ሱቄን ዘግቼ ገባሁ። አሶሳ ምንም ጉዳይ የለኝም። ሻይ ሻጯ ከሰሏ ላይ ውሃ አፍስሳ ገባች። ያ የበርታ ነጋዴ፣ ከአሶሳ መምጣቱ ነበር፣ ተመልሶ ገባ። "ማሚቱ የኛ ነች፣ ያላ፣ ንዳ!" አለው ሾፌሩን። በዚያ መናኸሪያ መኪና እንደዚያ ፈጥኖ ሞልቶ አያውቅም።

ሆቴሉ ስንደርስ ማሚቱ በጓሮ በር በርራ ገባች፤ እኔ ተከተልኳት። ጋሽ የሻው ኩሽናው መሀል ዱካ ላይ ተቀምጠው ሽንኩርት ይልጣሉ። እንባቸው እየወረደ ነው፤ ከሽንኩርቱ ይሁን ከሌላው አላውቅም። ዘንቢሏ አጠገባቸው አለ። ሳሌም ምድጃው ጋ ቆማ እንቁላል ትጠብሳለች፣ እጅጌዋን ሰብስባለች።

"መጣሽ?" አለች ሳሌም፣ ዞር ሳትል። "እኚህን ሰው ሾፌሩ በር ድረስ አምጥቶ ሲተዋቸው ማን ልበል አልኳቸው። ልጄ እስክትመጣ ቦታዋን ይዤ ነው አሉኝ። ከዚያ ቢላ ስጪኝ አሉ።"

ማሚቱ በሩ ላይ እንደቆመች አባቷን ታያለች።

"ኦብሴ ወድቃ ነው" አልኩ እኔ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ። "እጇ ተሰብሮ ነው የቀረችው።"

"ወተቱ ይቅር በቃ" አለች ሳሌም። ከዚያ መጥበሻውን አስቀምጣ ዞረች። "ከባምባሲ አይነቃነቁም ያልሽኝ አባት እኚህ ናቸው?"

"እሳቸው ናቸው" አለች ማሚቱ፣ ከዚያ ለቅሶዋ ለቀቃት።

ሳሌምም ዓይኗ ቀላ። "በይ ሽንኩርቱን ተቀበያቸው። ያን ክፍል ድንች እከትበታለሁ" አለች። ከዚያ ቀን ወዲያ አሶሳ ግቢ የሚለውን ነገር አንስታ አታውቅም።

ጋሽ የሻው ግን ይህን ሁሉ የሰሙ አይመስሉም። እጃቸውን ታጥበው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "አውቶቡሱ የሚቆምበት ቦታ የት እንደሆነ ታውቃለህ?" ምሳ ብሉ ቢባሉ ሁለት ጉርሻ ጎርሰው ተነሱ። ቀኑ ገና ነው። ማሚቱን ከሥራዋ ላለማስነሳት እኔ ወሰድኳቸው። ጥላ ስር ተቀመጡ፣ ተነሱ፣ መንገዱን አዩ፣ ተቀመጡ። ማሚቱ መቁነጥነጡን ከማን እንደወሰደችው ያኔ ገባኝ። "ይመጣል ወይ?" ይሉኛል። ይመጣል እላለሁ። "አንተ በምን ታውቃለህ?" ብለው ይቆጣሉ። እውነታቸውን ነው፤ ቀኑ እየገፋ ሲሄድ እኔም ራሴ መጠራጠር ጀምሬ ነበር።

መጣ። በሰዓቱ። ማሚቱም ከሥራ ወጥታ እየሮጠች ደረሰች። ጋሽ የሻው የሷ ወንበር አጠገብ ተቀመጡ። የባምባሲ ቤቶች መታየት ሲጀምሩ አንገታቸውን ወደ መስኮቱ አስጠጉ።

ሰዉ ሁሉ ከወረደ በኋላ ወረዱ። ዱላቸውን መሬት ላይ ነካ ነካ አደረጉ፣ የራሳቸው መሬት መሆኑን የሚያረጋግጡ ይመስል። ከዚያ ወደ ሾፌሩ ዞሩ።

"ገረሱ።"

"አቤት አባባ።"

"መለስከኝ።"

ገረሱ ልጅ ነው፣ ሰባ ሰባትን አያውቅም። "ምን ችግር አለው አባባ፣ ሥራዬ ነው" አለና በሩን ዘጋ።

ጋሽ የሻው ከቆሙበት አልተነቃነቁም። "እናቴ ደጃፍ ላይ እንደቆመች ነው" አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። ማሚቱ ዘንቢሏን በአንድ እጇ፣ የአባቷን ክንድ በሌላው ያዘች። በሳቸው እርምጃ፣ ቀስ እያለች፣ ጭቃውን እየዞረች ወደ ቤት ወሰደቻቸው።